የቱሉ ዱሪ ዘበኛ

ከዲሮ ለቱሉ ዱሪ ዘበኝነት ሲቀጠር አርባ ዓመቱ ነበር፤ ዘንድሮ ስልሳ ሁለት ደፈነ። ቱሉ ዱሪ ከሁሩታ በላይ፣ ከስንዴው ማሳ ማዶ ያለ ኮረብታ ነው። አናቱ ላይ ማን እንደሠራው በውል የማይታወቅ የድንጋይ ምሽግ ፍርስራሽ አለ። አንዳንዱ የጥንት ንጉሥ የጦር ሰፈር ነበር ይላል፣ ሌላው የሱልጣን ግንብ ነው ይላል። ከዲሮ ሲጠየቅ፣ "ሲሠራ አልነበርኩም" ብሎ ይስቃል።

ግንቡን ግን ያውቀዋል። ግድግዳው ድርብ ነው፤ መሀሉ በጠጠር ተሞልቷል፤ ጭቃም ኖራም አልነካውም። በሩ ሆን ተብሎ ስለጠበበ ሰው በጎኑ ካልሆነ አይገባም።

ሚስቱ ዘይቱና ኮረብታውን አልወደደችውም። ከሥሩ ባለችው ቆርቆሮ ቤት አሥራ ዘጠኝ ዓመት ከኖሩ በኋላ ጉልበቷ አልታዘዝ ሲላት፣ አሰላ ልጃቸው ሩዋይዳ ዘንድ ሄደች።

"አንተስ?" አለችው።

"ተተኪ ይላኩልኝ እንጂ እመጣለሁ።"

ተተኪ አልመጣም። እሱም አልጠየቀም።

ከዚያ ወዲያ ቃል ሳይተነፍስ የሚውልበት ቀን በዛ። ለቤት መሥሪያ ድንጋይ ሊጭኑ በጋሪ የሚመጡትን እንኳ ተቆጥቶ ሲመልስ፣ ቆም ብለው ትንሽ ቢያወሩት ይመኝ ነበር።

ባለፈው ሐምሌ፣ ሳምንት ሙሉ ዘንቦ፣ ከበሩ በስተግራ ያለው ግድግዳ ተናደ። ወደቀጠረው የቅርስ ቢሮ ሄዶ አመለከተ። "ባለሙያ እስኪመጣ እንዳትነካው" አሉት። ነሐሴም አለፈ፤ የመጣ የለም። ጎርፉ ጠጠሩን እያጠበ ሲወስደው ዝም ብሎ ማየት አልቻለም። ድንጋዮቹን ሣሩ ላይ ደረደራቸው። የቱ ከየቱ ላይ ተቀምጦ እንደነበር ከዓይኑ አልጠፋም። እስከ ኅዳር ድረስ ብቻውን መልሶ ካበው።

ታኅሣሥ ላይ መክሊት የምትባል የቅርስ ባለሙያ መጣች። ከዓመታት በፊት የተነሣ ፎቶ ይዛ ግድግዳውን ስታስተያይ ቆየች።

"ጋሽ ከዲሮ፣ ይሄን ማን ካበው?"

"እኔ ነኝ፣ ልጄ።"

"ከሦስት ድንጋይ በቀር ሁሉም ቦታው ላይ ነው። ግን መንካት አልነበረብዎትም። ይሄ ክፍል ከእንግዲህ ጥንታዊ ተብሎ አይመዘገብም።"

"ታዲያ ምን ይባላል?"

"ዘንድሮ የተካበ፣ በከዲሮ ጉቱ።"

ተወቀሰ ወይስ ተመሰገነ፣ አልገባውም። በዚያው ሳምንት አሰላ ሄዶ ለዘይቱና ነገራት።

"ይሄን ሁሉ ጊዜ ምሳህን ማን ያቀብልህ ነበር?" አለችው።

"ማንም።"

"ለኔስ ለምን አልነገርከኝም?"

ቤቱ በልጅ ልጆች ተሞልቷል፤ የት እንደሚቀመጥ እንኳ ግራ ገባው። በማግስቱ በመጀመሪያው ሚኒባስ ተመለሰ።

አሁን ፀሐይ ስትጠልቅ ይደውልላታል። ኔትወርክ የሚገኘው አናቱ ላይ ብቻ ስለሆነ ኮረብታውን ይወጣል። የዋለበትን ይነግራታል፤ እሷም የልጆቹን ትነግረዋለች። አንዳንድ ቀን ሩዋይዳ ታነሣና፣ "አባ፣ እማዬ ተኝታለች" ትለዋለች። "እሺ፣ አትቀስቅሻት" ይላትና ስልኩን ኪሱ ከትቶ፣ ጥቂት ቆይቶ ይወርዳል።