በማለዳ የዘፈንኩ ዕለት

ድምፅ የለኝም። እግዜር ጉሮሮ ሲያድል እኔ ጥጥ ስፈትል ነበር መሰለኝ። በደርግ ጊዜ ግን የቀበሌያችን የኪነት ቡድን ዘፋኝ እፈልጋለሁ ባለ ቁጥር ከሁሉ ቀድሜ የምሰለፈው እኔ ነበርኩ። ሦስት ጊዜ ተፈትኜ ሦስቴም ወደቅኩ። ክራር መቺው፣ «እህቴ፣ ክራሩ ወዲህ፣ አንቺ ወዲያ!» ሲለኝ አዳራሹ ሳቀብኝ። እኔም አብሬ ሳቅኩ፤ ምን ላድርግ?

እውነቱን ለመናገር፣ የፈለግሁት ሰዉን እንጂ ዘፈኑን አልነበረም። ወንድሜ ወደ ሰሜን ከዘመተ ወዲህ ሽሮ ሜዳ ባለችው አንድ ክፍላችን ብቻዬን ቀርቻለሁ። ቀኑን ሙሉ ለሸማኔዎች እፈትላለሁ፤ እንዝርት ደግሞ አያወራም። የኪነት ልጆች አብረው ይበላሉ፣ አብረው ይስቃሉ፣ ይጣላሉ። በመጣላታቸው እንኳ እቀናባቸው ነበር።

ለአራተኛው ፈተና ስዘጋጅ፣ ማለዳ ድምፅ ይጠራል ሲሉ ሰምቼ ጎህ ሲቀድ ተነሳሁና ያለ የሌለ ጉልበቴን አውጥቼ ዘፈኑን አቀለጥኩት። መርዶ የሚነገረው በዚያ ሰዓት መሆኑን እንዴት እንደረሳሁት እንጃ! የግቢው ሴቶች ነጠላቸውን አዘቅዝቀው፣ «ወይኔ ልጄን! ወይኔ ጎበዙን!» እያሉ በሩን በርግደው ገቡ። እንደ እናት የማያቸው ትልቋ ጎረቤቴ አንገቴን አቅፈው አለቀሱ። ወንድሜ የሞተ መስሏቸዋል።

ወዲያው «ማንም አልሞተም» ማለት ነበረብኝ። አላልኩም። ሰው ካቀፈኝ ስንት ጊዜዬ! ባለፈው ሳምንት ደብዳቤው ለደረሰኝ ወንድሜ ሴቶቹን አስለቀስኳቸው። እስከ ዛሬ ሳስበው አፍራለሁ።

በመጨረሻ፣ «ኧረ እየዘፈንኩ ነው» አልኩ።

«በስመ አብ!» አሉ ትልቋ፣ እያማተቡ። «ሰው በቁሙ ይለቀስለታል? ምን ዓይነቷ ነሽ አንቺ?»

ሌሎቹ ሳቁም፣ ተቆጡም። «ሻይ ላፍላላችሁ፣ ትንሽ ተቀመጡ» ብል ሥራ አለብን ብለው አንድ በአንድ ወጡ።

ቅዳሜ ተፈተንኩ፤ አሁንም ወደቅኩ። «ቀጣዩ መቼ ነው?» አልኳቸው ፈታኞቹን።

«አንቺ ልጅ፣ አይሰለችሽም እንዴ?» አለኝ አንዱ።

እንዴት ይሰልቸኝ? ተራዬ ሲደርስ ከመዝገቡ ላይ ስሜን ጮክ ብለው ይጠሩታል። ወንድሜ ከሄደ ወዲህ በስሜ የጠራኝ ሌላ ሰው አልነበረም።