የእሳቸው ስንዝር

ነገሩ የተጀመረው መንደፊያ ሶፍትዌር ስፈልግ ነው። የቀን ሥራዬ ጅማ ውስጥ አንድ ኮሌጅ ሬጅስትራር ቢሮ የተማሪ ውጤት መመዝገብ ነው፤ ቅዳሜና እሁድ ከቸርች መልስ ግን መደርደሪያ፣ የዶሮ ቤት፣ የጫማ ሳጥን እነድፋለሁ። ያዘዘኝ የለም፤ አመል ነው። ለዓመታት በእርሳስና በማስመሪያ ስሠራ ኖሬ አንድ ቀን በኮምፒውተር ይሻለኛል አልኩ።

መጀመሪያ ፎቶ ኮፒ ቤት ሄድኩ። እዚህ ከተማ ሶፍትዌር ገዝቶ የሚጠቀም ሰው አላውቅም፤ ሁላችንም በፍላሽ እናስቀዳለን። ባለቤቱ «ክራክ የተደረገ ነው፣ ሙሉ ነው» ብሎ ጫነልኝ። ሙሉ የነበረው ቫይረሱ ነው። በሳምንቱ ፎልደሮቼ ሁሉ ሾርትከት ሆኑ፤ የሟች እናቴ ፎቶዎች ሳይቀሩ ጠፉ። ቢሮ ቁጭ ብዬ አለቀስኩ። ሁለተኛው «ነፃ» ይላል፣ በወሩ የዶላር ካርድ አምጪ አለኝ። ሦስተኛው ያለ ኢንተርኔት አይከፈትም፤ አወቱ መንደራ፣ እኔ በምኖርበት ሰፈር፣ ኔትወርክ ደስ ሲለው ነው የሚመጣው። አራተኛውን በኮሌጁ ዋይፋይ አወረድኩት። በእውነት ነፃ ነበር፤ አሮጌ ላፕቶፔንም አልናቀም። ለመልመድ ሁለት ወር ፈጀብኝ። አንድ ነገሩን በጣም ወደድኩለት፦ ዋናውን ልኬት አንዲት ሳጥን ውስጥ ትጽፊያለሽ፣ ሌላው ሁሉ ከእሷ ይሰላል። ቁጥሯን ስትቀይሪ ሥዕሉ በሙሉ አብሮ ያድጋል፣ አብሮ ያንሳል።

ጎረቤቴ የሆኑ ሽማግሌ ዕድሜ ልካቸውን ከአንድ ግንድ ዋንዛ በርጩማ ሲጠርቡ የኖሩ ሰው ናቸው። አንዲት ልጅ አለቻቸው። ከቡና ለቀማ ስትመለስ የተሳፈረችበት አይሱዙ ተገልብጦ አከርካሪዋ ተጎድቷል፤ በእግሯ አትቆምም። ቀኑን ሙሉ በር ላይ ተቀምጣ ለነጋዴ የተበላሸውን ቡና ከደህናው ትለያለች። አባቷ ለጎባጣ ጎኗ የሚሆን ባለመደገፊያ በርጩማ ጠርበውላት ነበር፤ ሌላ መቀመጫ አይሆናትም። እሱ ተሰንጥቆ ለማገዶ ሄደ። ሌላ እንዳይጠርቡ እጃቸው መንቀጥቀጥ ጀምሮ ስለት መያዝ ተስኗቸዋል።

«በማሽን ትስያለሽ አሉ» አሉኝ። «እኔ ልንገርሽ፣ አንቺ ሳዪው።»

ደስታዬን አልደብቅም። የዶሮ ቤት ስነድፍ ኖሬ ለመጀመሪያ ጊዜ የሚያስፈልግ ነገር መጣልኝ። ልጅቷን በሜትር ልለካት ስል ግን ሽማግሌው «እኔ እያለሁ?» አሉ። ተውኩት። ላፕቶፔን ከፍቼ ተቀመጥኩ፣ እሳቸው ዓይናቸውን ጨፍነው ይነግሩኛል።

«መቀመጫው ታኩ ለማ፣ ሁለት ስንዝር ማለት ነው። መደገፊያው ሦስት። ከግራ በኩል ዘንበል ይበል።»

ስንዝር ስንት ሴንቲ እንደሆነ መጠየቅ ነበረብኝ። እጃቸውን ዘርግተው እንድለካው መጠየቅ። አልጠየቅኩም። እሳቸው ሰጋጅ ሰው ናቸው፤ ሴት ሰላም የሚሉት እጃቸውን ደረታቸው ላይ አድርገው ነው። ያንን እጅ «ይስጡኝ፣ ልያዘው» ማለት ነውር መሰለኝ። የራሴን እጅ ጠረጴዛው ላይ ዘረጋሁና ለካሁ። አሥራ ዘጠኝ። ስንዝር ያው ስንዝር ነው አልኩና ሳጥኗ ውስጥ ጻፍኩት። አሥር ጊዜ ለካ አንዴ ቁረጥ ይባላል፤ እኔ አንዴ ለካሁ፣ እሱንም የራሴን እጅ።

ወረቀቱን አትሜ አሰንዳቦ ላለ አናጢ ወሰድኩ። አናጢው ሥዕሉን አዟዙሮ አየና «ለሕፃን ነው እንዴ፣ እህቴ?» አለኝ።

«ወረቀቱን ተከተል» አልኩት። እንዴት እንደኮራሁ ሳስታውስ አሁንም ፊቴ ይግላል።

በርጩማው ደረሰ፤ ልጅቷን አንስተን አስቀመጥናት። «ተመቸሽ?» አልኳት። «ኤዬ፣ በጣም» አለችኝና ሳቀች። አባቷ ጎንበስ ብለው በእጃቸው ዳሰሱት። መቀመጫው ጠርዝ ላይ ስንዝራቸውን ዘርግተው ትንሽ ቆዩ። ከዚያ እጃቸውን ሰበሰቡ። «ማሻ አላህ» አሉ። «ገለቶሚ፣ ልጄ። ደክመሽልናል» ብለው አመሰገኑኝ።

ለሦስት ወር ያህል በዚያ በር ሳልፍ እያየኋት ደስ ይለኝ ነበር።

ቁስሉን ያገኘችው አልጋዋን ልታነጥፍ የገባች አክስቷ ናት። መቀመጫው ዳሌዋን ከሁለት በኩል ሲቆነጥጣት ከርሟል። ግማሽ ስሜት ስላላት የሚያመው ዘግይቶ ነው፤ ግን አሟታል። በሁለተኛው ቀን እንደጠበባት ታውቅ ነበር። ሆስፒታል ሄጄ ለምን አልነገርሽኝም አልኳት።

«ስንት ለፍተሽበት፣ እትዬ? ምን ብዬ?»

በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም ይላሉ። እሷ ቁስሏን ደበቀችኝ፤ አባቷ ያን ቀን እጃቸው የነገራቸውን ደበቁኝ፤ እኔ ደግሞ አንዲት ጥያቄ አፍሬ ዋጥኩ። ሦስታችንም ጨዋ ነበርን። ሐኪሙ ቁስሉ አጥንት ደርሷል አለ። ቀዶ አከማት፣ ወደ ቤት ላካት፣ በሆዷ ትተኛ አለ። ትቀመጣለች ወይ ብለን ስንጠይቀው ወረቀቱን ይጽፍ ነበር፤ ቀና አላለም።

በሆዷ መተኛት ከጀመረች አምስተኛ ወሯ ነው። ባለፈው ቅዳሜ ሽማግሌው አስጠሩኝ። «ማሽንሽን ይዘሽ ነይ።» ስገባ ይቆጡኛል ብዬ ነበር፤ ቢቆጡኝ በወደድኩ። ላፕቶፑን ከፈትኩ። እሳቸው ጠረጴዛው ላይ ቀኝ እጃቸውን ዘረጉ።

«ለኪ» አሉኝ።

እጁ ይንቀጠቀጣል፤ ሜትሩ አልቆም አለኝ። አየኋቸው። ያዢው እንደማለት ራሳቸውን ነቀነቁ። በግራ እጄ አውራ ጣታቸውን ይዤ ለካሁ፤ መዳፋቸው እንደ ግንድ ልጥ ሻካራ ነበር። ሦስት ጊዜ ለካሁት። ሃያ ሦስት። ሳጥኗ ውስጥ አሥራ ዘጠኙን አጥፍቼ ሃያ ሦስት ጻፍኩ፤ በርጩማው ስክሪኑ ላይ ሰፋ፣ መደገፊያው ከፍ አለ።

«አሁን ልክ ነው?»

«ልክ ነው፣ አባባ።»

ልጅቷ ከመጋረጃው ወዲያ፣ ፊቷን ወደ ግድግዳ አድርጋ ተኝታ፣ ስትሰማን ነበር። «ስንት ነው የተሳሳተው?» አለች።

«በአንዱ ስንዝር አራት ሴንቲ» አልኳት።

ሳትዞር እጇን ግድግዳው ላይ አድርጋ በጣቶቿ መሃል አራት ሴንቲ ያህል ክፍተት ትታ አየችው።