ዘሀራ የመለሰቻቸው ሽማግሌዎች

የቴአትር ቤቱ ደወል ለሦስተኛ ጊዜ ሲደወል፣ ከመጋረጃው ጀርባ ቆሜ ልብሴን እያስተካከልኩ፣ ዛሬም በሐይቅ ከተማ ትምህርት ቤታችን ግቢ ግራሩ ላይ ተሰቅሎ የነበረው የመኪና ቸርኬ ሲቀጠቀጥ ይሰማኛል። በዚያ ድምፅ ሁላችንም ወደየቤታችን እንበተን ነበር፤ ስምንተኛ ክፍል በገባሁ ዓመት ግን እኔ ወደኋላ እየቀረሁ ድራማ መለማመድ ጀመርኩ።

አባቴ ይመር ዓሣ አጥማጅ ነበር። ማለዳ ማለዳ በታንኳው ወጥቶ፣ ረፋዱ ላይ ቆሮሶና አምባዛ ይዞ ይመለስና፣ እናቴና ታላቅ እኅቴ ዘሀራ ያጸዱት ነበር። ዘሀራ ዝምተኛ ነበረች፤ እኔ የጎረቤቶቻችንን አረማመድና አነጋገር እየቀዳሁ ሳሳያት ግን ሆዷን ይዛ ትስቅና፣ «አንቺ ልጅ፣ አባ እንዳይሰማሽ!» ትለኝ ነበር።

ጥቅምት ላይ የልምምዱ ወሬ ሰፈሩን አዳረሰ። ሴት ልጅ ሰው ፊት ቆማ ማልቀሷና መሳቋ ነውር ነበርና፣ ውኃ ልቀዳ ስወርድ «አዝማሪዋ መጣች» እያሉ ይጠቋቆሙብኝ ነበር። አባቴ አልመታኝም፤ ገበታ ላይ ግን ወደ እኔ ማየቱን ተወ። በታኅሣሥ ድራማው ለወላጆች ሲታይ ከቤታችን የመጣችው ዘሀራ ብቻ ነበረች፤ ሻሿን እስከ ዓይኗ አውርዳ ከሁሉም ኋላ ቆማ አየችኝ።

ጥር ሲገባ የዘሀራ የኒካሕ ቀን ሊቆረጥ፣ ከእጮኛዋ ቤት ሦስት ሽማግሌዎች መጡ። ዘሀራ ልጁን ትወደው ነበር፤ የሚያልፍበትን መንገድ በመስኮት ስትጠብቅ ብዙ ጊዜ ይዣታለሁ። እኔ ጓዳ ሆኜ እሰማለሁ፤ ዱዓው እንዳበቃ ትልቁ ሽማግሌ ጉሮሮውን ጠርጎ፣

«ይመር፣ ልጅህን ወደናል። ታናሺቱ ግን መድረክ መውጣቱን ትተው። ካልተወች ዝምድናው ይቀራል» አለ።

አባቴ ስሜን ጠራ። ወጥቼ ፊታቸው ቆምኩ።

«ሰምተሻል፤ ምን ትያለሽ?» አለኝ።

«እተዋለሁ» ልል አፌን ስከፍት፣ ለእንግዶቹ እጅ ልታስታጥብ የገባችው ዘሀራ ማንቆርቆሪያውን መሬት አስቀምጣ፣

«አትተውም» አለች። «ዛሬ እሷን ካስተዋችኋት፣ ነገ እኔን ምን ልታስተዉኝ ነው?»

ሽማግሌዎቹ እህል ሳይቀምሱ ወጡ። አባቴ ባዶውን በር ሲያይ ቆይቶ ወደ እኔ ዞረና፣ «እንግዲህ እንዳትቀልጂበት» አለኝ።

በልጉን ሙሉ ዘሀራ አላነጋገረችኝም፤ አንድ መደብ ላይ ተኝተን ጀርባዋን ትሰጠኝ ነበር። ልጁ በዚያው ዓመት ሌላ አገባ። የሙሽሮቹ መኪና ጥሩንባውን እየነፋ በደጃችን ሲያልፍ፣ ዘሀራ ዓሣ እያጸዳች ነበር፤ ቀና አላለችም።

ከሐይቅ ደሴ፣ ከደሴ አዲስ አበባ ገባሁ። ተዋናይት መሆኔን ሲሰሙ «ቤቱ ተይዟል» የሚሉኝ አከራዮች፣ ለዓመታት ከሠራተኛ ሚና ሌላ የማይሰጡኝ አዘጋጆች ነበሩ፤ እየወጣሁ እየወረድኩ፣ ዛሬ በመድረክ ላይ ሠላሳ ዓመት አልፎኛል።

አምና፣ ዘግይታ ውጫሌ አግብታ አራት ልጆች ያሳደገችው ዘሀራ መጥታ፣ ለመጀመሪያ ጊዜ ትልቅ መድረክ ላይ አየችኝ። ከቴአትሩ በኋላ የፊቴን ቀለም እየጠረግኩ፣ ዕድሜዬን ሙሉ የፈራሁትን ጠየቅኋት፤ «ቆጭቶሽ ያውቃል?»

«ወላሂ፣ ያን በልግ ጠልቼሻለሁ» አለችኝ። ቀጥላም፣ «ዛሬም ቢመጡ ግን ያንኑ ነው የምላቸው» አለች።

አሁን ሐይቅ ስሄድ ልጃገረዶች ከባጃጅ ወርደው አብረውኝ ፎቶ ይነሳሉ፤ ድሮ መንገድ ይለውጡብኝ የነበሩ ሰዎችም እጄን ይዘው ዱዓ ያደርጉልኛል። ያኔ ከቤታችን ደፋሯ እኔ የሆንኩ ይመስለኝ ነበር፤ ዛሬ ግን «እንዴት ያለሽ ደፋር ነሽ!» ሲሉኝ፣ ዘሀራ አጠገቤ ከቆመች ክንዷን ይዤ ወደ ፊት አቀርባታለሁ።