ስሟን የተውሁበት ገጽ

ይህን ለማንም ተናግሬው አላውቅም። ለንስሐ አባቴ ሁለት ሦስት ጊዜ ጀምሬው "ሰው አምቻለሁ" ብዬ በአጭሩ ዘግቼዋለሁ። እሳቸውም ስግደት ሰጥተውኝ ሄደዋል። ሐሜት ግን አልነበረም። እኔ አንዲት ሴት ከወረታ አስወጥቻለሁ። ያስወጣኋትም እኔው ራሴ ተደብቄ ሳነበው በነበረ የፍቅር መጽሐፍ ነው።

ያን ጊዜ አርባ ሦስት ዓመቴ ነበር። የትምህርት ቤቱን ቤተ መጻሕፍት የምይዘው እኔ ነበርሁ። መጻሕፍቱ እንዳይቀደዱ አንድ በአንድ በሲሚንቶ ከረጢት ወረቀት እሸፍናቸውና በጀርባቸው ላይ ስማቸውን በእጄ እጽፍ ነበር። መደርደሪያው ከዳር እስከ ዳር ቡኒ ነበር። ለዚያ ሥራ አንድም ሰው አመስግኖኝ አያውቅም፤ ይህንንም አልረሳሁትም።

ሰላማዊት ከአዲስ አበባ ተመድባ የመጣች የአማርኛ መምህርት ነበረች፤ ሃያ ስድስት ቢሆናት ነው። እኛ ሰፈር፣ እትዬ ጥሩ ግቢ ጥግ ያለችውን ክፍል ተከራየች። ሌላው ሰው ድስትና ፍራሽ ይዞ ይመጣል፤ እሷ አንድ ሻንጣ ልብስና አንድ ማዳበሪያ ሙሉ የፍቅር ልብወለድ ይዛ መጣች።

የፎገራ ሩዝ ታጭዶ፣ ተፈትጎ ሲገባ፣ ቅዳሜ ከሰዓት የሰፈሩ ሴቶች እዚያው እትዬ ጥሩ ግቢ ተሰብስበን ጠጠር እንለቅም ነበር። ሰላማዊት ከመምጣቷ በፊት ሴቶቹ እጃቸው ሲሠራ የማነብላቸው እኔ ነበርሁ። ምክር ያለበት መጽሐፍ መርጬ አነባለሁ፤ እነሱ "ተባረኪ" ይሉኝና ወዲያው ስለ በርበሬ ያወራሉ።

ሰላማዊት የመጀመሪያውን ቅዳሜ ሰፌድ ተቀብላ ተቀመጠች። ጠጠሩን ትታ ሩዙን እየለቀመች ስትጥል እትዬ ጥሩ አዩአት።

"አንቺ ልጅ፣ ይቅርብሽ! ከምታጠፊብን ሌላ ነገር አውሪን።"

ሮጣ ሄዳ አንድ መጽሐፍ አመጣች። ከዚያ ቀን ጀምሮ እኔን አንብቢልን ያለኝ የለም።

ድምፅዋ ዛሬም ጆሮዬ ውስጥ አለ። የሩዙ ሽታ፣ ሰፌዱ ሽው ሲል፣ ሴቶቹ ሰውየው ልጅቱን ሲያታልላት "ወይኔ፣ አትመኚው!" ብለው ሲጮኹ። እንደዚያ ያለ ቅዳሜ ከዚያ ወዲህ አላየሁም። ትኩስ ትኩሱ ገጽ ላይ ስትደርስ ሰላማዊት መጽሐፉን ትዘጋዋለች።

"ምነው ዘጋሽው?"

"ገጹ ተቀዷል፣ እትዬ ጥሩ።"

"ሁልጊዜ እዚህ ላይ ሲደርስ ነው እንዴ የሚቀደደው?"

"እናንተ ፊት አፍራ ነው" ስትል አንዷ፣ እትዬ ጥሩ "ምን ያሳፍራታል? እኛ ስምንት ስምንት ልጅ የወለድነው በደብዳቤ ነው?" ብለው ግቢውን በሳቅ ሞሉት።

እኔ አልሳቅሁም። "ይህ ሥነ ጽሑፍ አይደለም፤ ብልግና ነው" አልሁ። በየቅዳሜው አልሁት። የተማርሁት እኔ ነኝና ፍርዱ የእኔ ነው ብዬ ነበር። ሴቶቹ አንገታቸውን ይደፉና እኔ ስነሣ ማንበቡ ይቀጥላል። እስከ በሩ ድረስ እሰማቸዋለሁ።

ታዲያ እኔ ምን አደረግሁ? ሰኞ ጠዋት የሰላማዊትን በር አንኳኳሁ።

"እስቲ ያን መጽሐፍ ስጪኝ።"

"ለግምገማ ነው?" አለችኝ፤ ዓይኗ ይስቃል።

"ለግምገማ ነው።"

ሌላ ቃል ሳትጨምር ሰጠችኝ። አንዱን ስጨርስ ሌላውን ሰጠችኝ። በዚያ በጋ አሥራ አንድ መጽሐፍ ገመገምሁ። ቤተ መጻሕፍት ውስጥ ጠረጴዛዬ ላይ አነባቸው ነበር፤ ሰው እንዳያውቅ በዚያው ቡኒ ወረቀት ሸፍኜ፣ በጀርባቸው የሌላ መጽሐፍ ስም ጽፌ። አሥራ አንደኛው ላይ "የከብት እርባታ" ብዬ ጻፍሁበት።

መጽሐፉ ጥሩ ነበር አልልም፤ ዛሬም አልልም። ሰውየው ሀብታም ነው፤ ሥራ ሲሠራ ግን አንድ ቀን አናየውም። ልጅቱ በየምዕራፉ ታለቅሳለች፤ በየምዕራፉ ጸጉሯ ይፈታል። ግን አንድ ገጽ ነበረው። ልጅቱ ዝናብ መቷት ስትገባ ሰውየው እግሯን ለብ ባለ ውኃ ያጥብና "ዛሬ ማን አስከፋሽ?" ይላታል። ከዚያ በኋላ ያሉት ሦስት ገጾች እዚህ የሚጻፉ አይደሉም። እኔን የያዘኝ ግን ጥያቄው ነበር። ባሌ ክፉ ሰው አልነበረም፤ ደመወዙን ያመጣል፣ ልጆቹን ይወዳል። በሃያ ዓመት ውስጥ ማን አስከፋሽ ብሎኝ አያውቅም። ያን ገጽ ስንት ጊዜ እንዳነበብሁት እኔ ነኝ የማውቀው።

የካቲት ላይ ወገቤን ያመኝ ጀመርና ፍል ውኃ ልጠመቅ ዋንዛዬ ሄድሁ። ሦስት ቀን ቆየሁ። መጽሐፉን ጠረጴዛዬ ላይ ከሌሎቹ ጋር ደርቤ ረስቼው ነበር። በእኔ ፈንታ በሩን የሚከፍተው ዘበኛው ጋሼ ሙላት ነበር፤ ማንበብ አይችልም። ትርንጎ የምትባል የአሥረኛ ክፍል ልጅ መጥታ "የከብት እርባታ" የሚለውን ለግብርና ትምህርት ልውሰድ አለችው፤ ሰጣት።

የትርንጎ አባት አቶ ደርሶ ከብት አርቢ ናቸው። እሳቸው አያነቡም፤ ልጃቸው ስለ ከብት ነው ባለቻቸው መጽሐፍ ላይ ቀንና ሌሊት ተደፍታ ሲያዩ ደስ አላቸው። አንዲት ላማቸው ሁለት ጊዜ ጨንግፋባቸው ነበር። ልጅቱ ውኃ ልትቀዳ ስትወጣ መጽሐፉን ይዘው ጎረቤታቸው ዲያቆን ዘንድ ሄዱ፤ "ስለ ላሚቱ የሚለውን ፈልግና አንብብልኝ" አሉት። ዲያቆኑ ጀርባውን ሳያይ መካከሉን ገለጠና ጮክ ብሎ ጀመረ፤ በሁለተኛው መስመር ላይ ቆመ።

"ቀጥል እንጂ" አሉ አቶ ደርሶ፤ "ላሚቱ ጋ መች ደረስህ?"

ይህ በገበያው ሁሉ ተወርቶ ተሳቀበት። እኔም ዛሬ ስጽፈው ሳቄ ይመጣል። ያን ጊዜ ግን ደሜ ደርቆ ነበር።

አቶ ደርሶ መጽሐፉን በነጠላ ጠቅልለው ለዳይሬክተሩ ሰጡ። ዳይሬክተሩ እንዲህ ያለ ነገር አልነካም ብሎ፣ ነጠላውን እንኳ ሳይፈታ፣ በማስመሪያ ወደ እኔ ገፋው። "አንቺ የመጽሐፍ ሰው ነሽ፤ መርምረሽ ለኮሚቴው አቅርቢ" አለኝ። ዳኛ አደረገኝ።

ቤተ መጻሕፍቱን ዘግቼ ነጠላውን ፈታሁ። በጀርባው ላይ የእጄ ጽሑፍ አለ። ሽፋኑን ስገልጥ በመጀመሪያው ገጽ ላይ በሰማያዊ ቀለም "ሰላማዊት" ይላል። ሁለት ነገር ነበር በእጄ ላይ። ሽፋኑን ቀደድሁት፤ ቆራርጬ ጣልሁት። ስሟ ያለበትን ገጽ ግን ተውሁት። እሱን ለመቅደድ ሌላ ደቂቃ ይፈጅብኝ ነበር? አይፈጅም። ፈርቼ ነው? ሽፋኑን የቀደድሁት ፈርቼ ነው። ስሟን የተውሁት ግን በፍርሃት አይደለም። ቅዳሜዬን ስለ ወሰደችብኝ ነው።

ኮሚቴው ተሰበሰበ። ትርንጎ ቆማ "ከላይብረሪ ነው የወሰድሁት፤ ጋሼ ሙላት ናቸው የሰጡኝ" አለች። ሙላት ተጠየቀ። "ቡኒ ነገር ሰጥቻታለሁ። እኔ ዘንድ ሁሉም ቡኒ ነው" አለ።

"መዝገቤ ላይ የለም" አልሁ እኔ። እውነት ነው፤ አልነበረም።

"ልጅቱ ዋሸች ማለት ነው?" አለ ዳይሬክተሩ።

"ልጆች ይዋሻሉ" አልሁ።

ለማስረጃ አንድ ገጽ አንብቢ ተባልሁ። ከፈትሁና ያንኑ ገጽ አነበብሁ፤ ሳልደናቀፍ ወረድሁት። የወላጆች ተወካይ የነበሩት ሽማግሌ ቄስ ጎንበስ አሉና "ልጄ፣ መነጽርሽ እኮ ጠረጴዛው ላይ ነው" አሉኝ በለሆሳስ።

"ዛሬ ዓይኔ ደኅና ነው፣ አባ።"

ትክ ብለው አዩኝ፤ ዝም አሉ። ለምን ዝም እንዳሉ ሳልጠይቃቸው ሞቱ። በእሳቸውም ቂም ይዤ ነበር፤ እስቲ እሳቸው ምን አጠፉ?

ሰላማዊት ገባች።

"መጽሐፉ የእርስዎ ነው?"

"የእኔ ነው።"

"ለማን ሰጡት?"

ወደ እኔ ዞረች። አልተቆጣችም፤ ጠበቀችኝ። እንድናገር ጊዜ ሰጠችኝ። እኔ ወለሉን አየሁ።

"አልናገርም" አለች።

ከፎገራ ሜዳ ማዶ፣ ክረምት ውኃው ሲሞላ መንገዱ ወደሚዘጋበት ትምህርት ቤት እንድትዛወር ተወሰነባት። አልሄድም ብላ ሥራውን ለቀቀች። መጽሐፉን ዳይሬክተሩ ለማስረጃ ብሎ ቤቱ ወሰደው፤ ከዚያ ወዲህ ያየው የለም። እሱ ያን ጊዜ ባልነካውም በኋላ ሳይነካው እንዳልቀረ እገምታለሁ።

በምትሄድበት ጠዋት ሻንጣዋን ስታስር በሯ ላይ ቆምሁ። ምን ልበል ብዬ እንደሆነ አላውቅም።

"አይጨነቁ" አለችኝ። አንቺ ስትለኝ የኖረች ልጅ ናት። "እርስዎ ልጆች አሉዎት። እኔ ሻንጣ ነው ያለኝ።"

በሚቀጥለው ቅዳሜ ምክር ያለበትን መጽሐፌን ይዤ እትዬ ጥሩ ግቢ ሄድሁ። አነበብሁ። ማንም ስለ በርበሬ አላወራም፤ ማንም አልሳቀም። ጠጠሩ ብቻ ቆርቆሮ ላይ ሲወድቅ ይሰማል። እትዬ ጥሩ "በቃሽ፣ ደክሞሻል" አሉኝ።

በሰላማዊት ምትክ መምህር እስኪመጣ ሁለት ወር ፈጀ። ወደ ቤተ መጻሕፍቱ የምሄደው ታስተምርበት በነበረው ክፍል መስኮት አጠገብ አልፌ ነበር። ልጆቹ ያለ አስተማሪ ተቀምጠው አያለሁ፤ ትርንጎም ከኋላ ወንበር ላይ ታየኛለች። የዳይሬክተሩ ቢሮ ከዚያ አሥር እርምጃ ነው። "መጽሐፉ እኔ ዘንድ ነበር" ብል ቦታው አልተያዘም፤ ሰላማዊት ትመለስ ነበር። ይህን በየጠዋቱ አውቅ ነበር። በየጠዋቱ ሰላምታ ሰጥቼ አልፍ ነበር።

አንድ ቀን ቢሆን ደንግጬ ነው እል ነበር፤ እናንተም ትረዱኝ ነበር። እኔ ግን ሁለት ወር ሙሉ፣ በየጠዋቱ፣ በዚያ መስኮት አጠገብ አስቤበት አልፌአለሁ። አትማሩኝ።