ሐኪሙ የማያየው ድንጋይ

ወንድሞችና እህቶች፣ ሰው ፊት መናገር አይሆንልኝም። ነገር ግን ጌታ በአንዲቱ ኩላሊቴ ላይ ያደረገውን ሳልነግራችሁ ብቀር ኅሊናዬ አያስተኛኝም። ስሙ ይባረክ! በስውር ነውና የተሰበሰብነው፣ ጎረቤት እንዳይሰማን «አሜን» ስትሉ ብቻ ቀስ በሉ።

እዚሁ ድሬዳዋ፣ ከዚራ ሰፈር ሰዓት እጠግናለሁ። ያስተማረኝ የለም፤ የተጣሉ ሰዓቶችን እየፈታሁ ነው የለመድኩት። ከፍቼ ያላየሁትን ነገር አላምንም ነበር፤ እግዚአብሔርንም ጭምር። በሥራ ላይ ውሃ አልጠጣም። ከጠጣሁ ለሽንት እነሳለሁ፤ ከተነሳሁ የፈታኋቸው ጥቃቅን ብሎኖች ይጠፉብኛል። በድሬ ሙቀት! ጎረቤቴ ልብስ ሰፊው አብዲ፣ «አቦ፣ አንተና ግመል አንድ ናችሁ! ኧረ ግመልስ ሲያገኝ ይጠጣል፣ ወላሂ!» እያለ ይስቅብኝ ነበር።

አንድ ቀን ጎኔን ወግቶ ጣለኝ፤ ሽንቴም ቆመ። አብዲ በጋሪ ሆስፒታል አደረሰኝ። ራጅ ተነሳሁ። ሐኪሙ የውጭ አገር ሰው ነው፤ አሁን እዚህ አብራን ያለችው ሲስተር አስቴር ታስተረጉምልኝ ነበር።

«ስትፈጠር ጀምሮ ያለህ አንድ ኩላሊት ነው። ከእሷ ወደ ፊኛ የሚወርደውን ቱቦ ድንጋይ ዘግቶታል» አለኝ።

ሆዴን ሳይቀድ፣ በሽንት መውጫ በኩል ቀጭን ሽቦ አስገብቶ ሊያወጣው ነው። ሽቦውን ካላየሁ አልፈርምም አልኩ። ሳቀና አሳየኝ። ሲገፉት ጫፉ እንደ ቅርጫት ይከፈታል፤ ሲስቡት ይዘጋል። እንዴት ያለ ሥራ ነው!

«ድንጋዩን በምን ታየዋለህ?»

«አላየውም። እጄ ነው የሚነግረኝ።»

«ቱቦው ቢቀደድስ?»

ሲስተር አስቴር፣ «መለዋወጫ የለህም ይልሃል» አለችኝ። ከዚያ የራሷን ጨመረች፤ «ወንድሜ፣ እኔም የማላየውን ጌታ አምናለሁ። ልጸልይልህ?»

«ይሰማል?» አልኳት።

«አንተው ጠይቀው።»

ፈረምኩ።

ከወገቤ በታች አደነዘዙኝ እንጂ አልተኛሁም። ሐኪሙ ሳበ፤ አልመጣም። እጁን አቆመ። ያኔ በሕይወቴ የመጀመሪያዬን ጸሎት ጸለይኩ፦ «ጌታ ሆይ፣ እሱ ድንጋዩን አያየውም፤ እኔም አንተን አላይህም። ካለህ እጁን ያዝለት፤ እኔንም ያዘኝ።»

ሐኪሙ ሽቦውን ለቀቅ አደረገ፣ ጥቂት አዞረ፣ ደግሞ ያዘ። መጣ! ሀሌሉያ! ምስር የምታህል እሾሃማ ድንጋይ! ድንጋዩ ከመውጣቱ በፊት ግን ፍርሃቴ ለቆኝ ነበር። ይህ እንዴት እንደሆነ እስከ ዛሬ እጠይቃለሁ።

አሁንም ያለችኝ ያቺው አንዲት ኩላሊት ናት። ሐኪሙ ድንጋዩ ሊመለስ እንደሚችል ነግሮኛል። ቢመለስም የማንን ስም እንደምጠራ አውቃለሁ፤ ክብር ለእርሱ ይሁን! በመካከላችን ጥያቄ የያዘው ሰው ካለ፣ የእኔም አላለቀም። ጌታ «ጥያቄህን ጨርሰህ ና» አላለኝም። ከነጥያቄያችሁ ኑ።