ሎጋው፣ ሦስት ቁጥር

ጸሐፊዋ የክሊኒኩን የተራ መጥሪያ ፕሮግራም የጻፈችው ባሏ በሕይወት ሳለ ነው። የኮምፒውተር ትምህርቷን ግማሽ ላይ ብትተወውም፣ ካርድ ክፍል ውስጥ ከሷ የተሻለ የሚያውቅ ስላልነበረ ሥራው እሷ ላይ ወደቀ። ድምፅ ማጉያውን ለመሞከር የሆነ ስም አስፈለጋት። ባሏን በቁመቱ የተነሳ ሰፈሩ ሁሉ ሎጋው ነበር የሚለው። ፕሮግራሙ አናት ላይ፣ ፈንክሽን ከሚባሉት የትእዛዝ ጥቅሎች ሁሉ ውጪ፣ "ስም" የሚል ተለዋዋጭ፣ የስም ማስቀመጫ፣ ፈጥራ "ሎጋው" ብላ ሞላችው። አብረው ሳቁ። ከዚያ ረሳችው።

ሎጋው በሞተ በአምስተኛው ወር፣ አንድ ማክሰኞ ጠዋት፣ አዳራሹ በሰው ጢም ብሎ ሳለ ማጉያው፣ "ሎጋው፣ ሦስት ቁጥር ይግቡ" አለ።

የያዘችው ካርድ ከእጇ ወደቀ። ማንም አልተነሳም። አዲሱ ዘበኛ በበሩ ብቅ ብሎ፣ "አንተ ሎጋው የምትባል! ጆሮህን ቤት ረሳኸው እንዴ?" ብሎ ጮኸ። ሰው ሳቀ።

በማግስቱ ምንም የለም። በሳምንቱ ማክሰኞ ግን ደገመው። በሦስተኛውም። ነርሷ፣ "እረፍት ውሰጂ እቴ፣ ፊትሽ አመድ መስሏል" አለቻት። ምን ብላ ትንገራት?

በአራተኛው ማክሰኞ በመስኮቷ አዳራሹን አፍጥጣ ስታይ አማቷን፣ የሎጋውን እናት፣ አየች። የደም ግፊት ክትትል አላቸው። ማጉያው "ሎጋው" ሲል ዐይናቸውን ጨፍነው ፈገግ አሉ። ከዚያ ሻርፓቸውን አስተካክለው፣ ሐኪም ሳያዩ፣ ውልቅ ብለው ሄዱ።

"እሳቸውን ማን መዘገባቸው?" አለች።

"እኔ ነኛ" አለ አጠገቧ ያለው መዝጋቢ። "ሁልጊዜ ካርዴ ጠፋ ነው። ለሌላው አዲስ ካርድ አወጣለታለሁ፤ እሳቸውን ግን ላለማጉላላት በስልክ ቁጥራቸው ነው የማስገባቸው።"

ፕሮግራሙን ከፈተችው። በካርድ ሲገባ ፈንክሽኑ የታካሚውን ስም ይመልሳል። በስልክ ቁጥር ሲገባም ስሙን ፈልጎ ያገኘዋል፣ እዚያው ውስጥ በተፈጠረ ሌላ "ስም" ላይ ያስቀምጠዋል፤ "መልስ" የምትለዋን መስመር ግን ጸሐፊዋ ራሷ ዘልላታለች። ፈንክሽን እንደ ተዘጋ ክፍል ነው። ውስጡ የተፈጠረ ነገር ተመልሶ ካልወጣ፣ ሥራው ሲያልቅ አብሮ ይጠፋል። ውጪ ስም የሚጠብቀው ማጉያ ባዶ እጁን ሲቀር አናት ላይ ያለውን "ስም" ያነባል። የእናትየው ስም ውስጥ እየቀረ የልጅየው ይወጣል።

ከሥራ ስትወጣ በቀጥታ አማቷ ቤት ሄደች። ካርዱ ቴሌቪዥኑ ላይ ተቀምጧል።

"እማዬ፣ ይሄ ምንድን ነው?"

"መጀመሪያ የምሬን ጠፍቶብኝ ነው ልጄ። ማጉያው ልጄን ጠራልኝ። በማግስቱ ይዤው ብመጣ የኔን ስም ጠራ፤ ሳልገባ ተመለስኩ። ያኔ ገባኝ።"

"ሐኪም ካየዎት እኮ ወር አለፈ! መድኃኒቱስ?"

"አልቋል። የኔ ስም እዚያው ይቅር። የሱ ይውጣ።"

"ስህተት ነው እማዬ። እኔ ነኝ የተሳሳትኩት።"

"እንግዲያው አትንኪው። አንቺስ አልናፈቀሽም?"

 እውነቱን ለመናገር፣ እየፈራችም ቢሆን ማክሰኞን መጠበቅ ጀምራ ነበር። አማቷ ውሃ ሊያመጡላት ሲነሱ ተንገዳገዱና ግድግዳውን ያዙ። እግራቸው እንደ ዳቦ አብጧል።

በማግስቱ የጎደለችውን መስመር ጻፈች። ያቺስ ቀላል ነበረች። አናት ላይ ያለውን "ሎጋው" ለማጥፋት ግን ጣቷ እምቢ አላት። አንድ ፊደል አጥፍታ ትቆማለች፣ ደግሞ አንድ። መጨረሻ ላይ ባዶ ሆነ።

ማክሰኞ ደረሰ። አማቷ ካርዴ ጠፋ ብለው ገቡ፣ ተቀመጡ፣ ዐይናቸውን ጨፈኑ። ማጉያው የገዛ ስማቸውን ከነአባታቸው ጠራ። አልተነሱም። ደገመ። ጸሐፊዋ ወጥታ እግራቸው ሥር ቁጢጥ አለች።

"እማዬ፣ እርስዎን ነው።"

"እሱስ?"

"ከእንግዲህ አይጠራም። አጠፋሁት።"

"አንቺ?"

"እኔ ነኝ።"

ዐይናቸውን ገለጡ። ከዚያ ክንዳቸውን ዘረጉላት። "እንግዲያው ደግፊኝ።"

ሦስት ቁጥር ሲደርሱ አማቷ የበሩ ደፍ ላይ ቆሙ። በሩን በእጃቸው ገፍተው ያዙና ወደ አዳራሹ ዞሩ፣ ኋላቸው የቀረ ሰው እንዳለ ሁሉ።

"ሌላ ሰው አለ እንዴ?" አለ ሐኪሙ ከውስጥ።

ጸሐፊዋም አብራ ዞራ አየች።