አባቴ «አይረባም» ያለው አኳሪየም

ባለፈው ወር ለልጄ የትምህርት ቤት ጫማ ልገዛ ሚኒያፖሊስ አጠገብ ብሉሚንግተን ወዳለው ትልቁ ሞል ሄጄ ወደ ታችኛው ፎቅ በሚወስደው ደረጃ አጠገብ ሳልፍ አንድ ሽታ አፍንጫዬን ያዘው፤ የጨው ውሃ፣ የእርጥብ ምንጣፍና የፈንዲሻ ቅቤ አንድ ላይ የተቀላቀሉበት፣ ጥሩ ነው ወይም መጥፎ ነው ለማለት የሚያስቸግር ሽታ። ዘጠኝ ዓመት የሆናት ልጄ ሰሚራ ግድግዳው ላይ የተሳለውን ሻርክ አይታ ቆመች፤ ስልኬን ተቀብላኝም ታች ፎቅ ያለውን የዓሣ ማሳያ፣ አኳሪየሙን ያዩ ሰዎች የጻፉትን አስተያየት ታነብ ጀመር። አንዱ ልጆቼ አንወጣም አሉ ይላል፤ ሌላው በግማሽ ሰዓት አለቀብን ብሎ ያማርራል። «ማም፣ ኢዝ ኢት ዎርዝ ኢት?» አለችኝ ቀና ብላ፤ ይረባል ወይ ማለቷ ነው። ቀላል ጥያቄ ነበር። እኔ ግን አርባ ሊሞላኝ ጥቂት የቀረኝ ሴትዮ፣ የጫማ ካርቶን እንደታቀፍኩ ደረጃው ጫፍ ላይ ቁጭ አልኩ፤ ምክንያቱም ይህችው ጥያቄ አንድ ሰመር፣ የትምህርት ዕረፍቱን ሙሉ ቤታችን ውስጥ ስትንከባለል ከርማ፣ በመጨረሻ ከአባቴ ጋር ያጣላችኝ እሷ ነች።

ያኔ የአሥር ዓመት ልጅ ነበርኩ። የምንኖረው ፊሊፕስ በሚባል ሰፈር ውስጥ፣ ደረጃው ሲረገጥ የሚያቃስት ባለ ሦስት ፎቅ የጡብ ሕንፃ ላይ ነበር፤ አባቴ፣ እናቴ፣ እኔና ታናሽ እህቴ ፋጡማ፣ ከዚያ ደግሞ ሶፋው ላይ ሁልጊዜ የማይታጣ አንድ አዲስ መጤ እንግዳ፣ ስሙን በቅጡ ሳንለምደው በሌላ የሚተካ። አባቴ ሁሴን ደሴ ሳለ የእንግሊዝኛ አስተማሪ ነበር፤ ሚኒያፖሊስ ግን ኤርፖርት ሻንጣ ይጭናል። አስተማሪነቱን ሥራው ቢነጥቀውም ሰዉ አልነጠቀውም። ፎርም የሚሞላው እሱ፣ ሐኪም ቤት ሄዶ የሚያስተረጉመው እሱ፣ ለመንጃ ፈቃድ የሚያስጠናው እሱ፣ መኪና ለሌለው ራይድ የሚሰጠው እሱ ነበር። ወጥ ቤቱ ግድግዳ ላይ የተሰቀለው ስልክ ገመዱ በጣም ከመሳቡ የተነሳ መታጠቢያ ቤት ድረስ ይደርስ ነበር፤ አባቴ ጺሙን ሲላጭ እንኳ በአንድ ጆሮው አረፋ፣ በሌላው የሰው ጭንቅ ይዞ ነው የማስታውሰው። በዚያ ላይ ቀበቶው ላይ የሰው ጥሪ የምትቀበል ፔጀር ነበረችው፤ እሷም በምግብ መሐል እንደ ተቆጣች ንብ ትንቀጠቀጣለች።

አኳሪየሙ የተከፈተ ሰሞን ከክፍሌ ልጆች አንዷ ከወላጆቿ ጋር ሄዳ ስቲንግሬይ የሚሉትን ጠፍጣፋ ዓሣ በጣቷ ነክታ መጣች። በማግስቱ እኛ ተሰልፈን ጣቷን አየን። እውነቴን ነው፤ እንደ ቅርስ በየተራ አየነው። ከዚያን ቀን ጀምሮ ለእኔና ለፋጡማ ዓለም ለሁለት ተከፈለ፤ ዓሦች በላዩ በሚዋኙበት የመስታወት ዋሻ ውስጥ ሻርክ በራሱ ላይ ያለፈበት ሰው፣ ያላለፈበት ሰው።

አባቴን ስንጠይቀው «እስቲ ይጠና» አለ። አባቴ ይህን ቃል ከወደደ ማምለጫ የለም። ቫኪዩም ክሊነር ለመግዛት እንኳ ስድስት ሰው ያማከረ ሰው ነው፤ እስኪወስንም ምንጣፉን እናቴ በመጥረጊያ ስትታገለው ከርማለች። አኳሪየሙንም ማጥናት ጀመረ። የሥራ አለቃውን ጠየቀ። ሻንጣ አብሮት የሚጭነውን ሶማሌ ጓደኛውን ጠየቀ። ከእኛ በታች ያለው ፎቅ ላይ የሚኖሩትን ታክሲ ነጂ ጋሽ ተፈራን ደግሞ ለዚሁ ብሎ ራት ጋበዛቸው፤ እሳቸውም ለዚያ ሞል ስንት ጎብኚ እንዳደረሱ አውርተው ሲጨርሱ ውስጡን ግን አንድ ቀን አይተውት እንደማያውቁ ታወቀ። «ዓሣ ነው እኮ ሁሴን» አሉ እጃቸውን እየታጠቡ፣ «አንዱን አየህ፣ ሌላው ያው ነው።» እኔና ፋጡማ ከበር ጀርባ ሆነን ጋሽ ተፈራን ለሁለት ሳምንት ያህል ሰላም ላለማለት ተማማልን።

በመጨረሻ እናቴ ጣልቃ ገባች። «ለአገሩ ሰው ሁሉ በደቂቃ ትወስናለህ፤ ለልጆችህ ሲሆን ነው ጥናቱ?» አለችው። ቅዳሜ እንሄዳለን ተባለ። የዒድ ጫማችንን አድርገን፣ ፀጉራችንን ተሠርተን ደረጃው ላይ ተቀመጥን። ስልኩ ጮኸ። ክሪስታል የምትባል ከተማ ውስጥ የአንድ ሰው መኪና መንገድ ላይ ቆማበታለች። በሚቀጥለው ቅዳሜ አንዲት ሴት የማይገባት ደብዳቤ ደርሷት ስታለቅስ መጣች፤ አባቴ ደብዳቤውን ሦስት ጊዜ አነበበላት፣ የሚያስለቅስ ነገር አልነበረበትም፣ የቤተ መጻሕፍት ማስታወሻ ነበር። በሦስተኛው ቅዳሜ ፋጡማ ጫማዋን ገና ጠዋት አውልቃ አስቀመጠችው። ስድስት ዓመቷ ነው፤ ከእኔ ቀድማ ገብቷታል።

ከዚያ አባቴ አዲስ መላ አመጣ፤ ሐሙስ ከሥራ በፊት ክፍት ሰዓት ስላለው ራሱ ቀድሞ ሄዶ አይቶት ይመጣል፣ የሚረባ ከሆነ ሁላችንም እንሄዳለን። ያን ሐሙስ ከሺፍቱ እስኪመለስ መስኮት ላይ ተጣብቄ ጠበቅሁት። ሲገባ ፊቱ ሌላ ነበር፤ ዝግ ያለ፣ ከእንቅልፍ እንደተነሳ ሰው የለሰለሰ። ጃኬቱን ቀስ ብሎ ሰቀለና ሳያየን፣ «አይረባም» አለ። «ጨለማ ነው። ፋጡማን ያስፈራታል። ዓሣ ነው።» አለቀ። ለማካካሻ ሐይቅ ዳር ወስዶን ለዳክዬዎች ዳቦ ወረወርን፤ አንዷ ዳክዬ የፋጡማን እጅ ነከሰች።

እኔ ግን የአባቴ ልጅ ነኝ፤ ፍርዱን ተሸክሜ ትምህርት ቤት ሄድኩ። ስለ አኳሪየሙ ባወሩ ቁጥር አይረባም እላለሁ፤ አባቴ አስተማሪ እንደነበረና አጥንቶ እንደደረሰበት አስረዳለሁ፤ አንዳንዶቹ ሻርኮች ፕላስቲክ እንደሆኑም ከራሴ ጨመርኩበት። ቅጠል ሲረግፍ ክፍላችን በሙሉ ወደዚያው ሊሄድ ነው ተባለና ወላጅ የሚፈርምበት ወረቀት ታደለን። ወረቀቱን ለአባቴ አላሳየሁትም። እንዴት ብዬ? የእሱን ቃል ሳስከብር ከርሜ በአውቶቡስ ተጭኜ ልሂድ? የጉዞው ቀን እኔና ጉንፋን የያዛት አንዲት ልጅ ቤተ መጻሕፍት ውስጥ ቀርተን የቀለም እርሳስ ስንቀርጽ ዋልን። ሌሎቹ ከሰዓት በኋላ ሲመለሱ ሁሉም ጣቶቻቸውን እያሸተቱ ነበር።

በረዷማው ክረምት ገባ። አንድ ቅዳሜ ጠዋት አባቴ የመኪናውን መስታወት በረዶ ሲፍቅ፣ ከፊት ወንበር ካለው ሳጥን ጓንቱን አውጥቼ እንዳቀብለው ነገረኝ። ሳጥኑን ስከፍት ከጓንቱ ጋር አንድ የላስቲክ ካርድ እግሬ ላይ ወደቀ። ዶልፊን አለበት። ከዶልፊኑ አጠገብ የአባቴ ፎቶ፣ ሥሩ ደግሞ የዓመት መግቢያ እንደሆነ ተጽፏል። ፎቶው ላይ አባቴ ፈገግ ብሏል። ለመታወቂያ ሲነሳ እንኳ ፈገግ የማይል ሰው ነበር።

ገብቶ ሞተሩን ሲያስነሳ ካርዱን ጉልበቱ ላይ አኖርኩለት።

«አይረባም አላልክም?»

የመስታወቱን መጥረጊያ ከፈተ። መጥረጊያው መስታወቱ ላይ ይመላለሳል። «ለእናንተ ማለቴ ነው» አለ መጀመሪያ፤ ውሸቱን ግን ራሱም አልወደደው መሰል ተወው። «ሐሙስ ሐሙስ እሄዳለሁ፣ ዘይነብ። ፔጀሯን መኪና ውስጥ ትቼ እገባለሁ። እዋሻው መጨረሻ አንድ አግዳሚ ወንበር አለ፤ እሱ ላይ ቁጭ እላለሁ። እዚያ ማንም አይጠራኝም።»

ዛሬ ያንን ዓረፍተ ነገር ስሰማው የደከመ ሰው ይታየኛል። ያን ቀን የሰማሁት ግን ሌላ ነበር፤ ከሚጠሩት ሰዎች መካከል አንዷ እኔ እንደሆንኩ። ከእኛም ነው ያመለጠው ማለት ነው። ስለ ክፍል ጉዞው፣ ስላላስፈረምኩት ወረቀት፣ ስለ ቀለም እርሳሶቹ አንድ ባንድ ነገርኩት፤ እያለቀስኩ ሳይሆን እንደ ክስ። አባቴ ሞተሩን አጠፋና «ውረጂ፤ ፋጡማን አምጪያት» አለኝ። ከቤት ስንወጣ ስልኩ ይጮህ ጀመር። ተከትሎኝ የወጣው አባቴ በሩን ዘጋው፤ ደረጃውን ወርደን እስክንጨርስ ሲጮህ ተሰማን።

የአኳሪየሙ ውስጥ እውነትም ጨለማ ነበር፤ ፋጡማ ግን አልፈራችም። ስቲንግሬዩን ነካች፣ ዋሻው ውስጥ ሻርክ በራሷ ላይ ሲያልፍ አንገቷን አጥፋ ሳቀች፣ ወለሉ ራሱ እየሄደ ሰው የሚያንሸራሽር መሆኑን ስታውቅ ደግሞ አምስት ጊዜ ዞረች። እኔ ከአባቴ ጋር አግዳሚው ወንበር ላይ ተቀመጥኩ፤ ለመቀመጥ ሳይሆን ላለመደሰት። ጀርባዬን ለመስታወቱ፣ ግማሹንም ለእሱ ሰጠሁ። ሰማያዊው ብርሃን ግድግዳው ላይ ይዋኛል። «ያቺ ትልቋ ኤሊ ናት» አለ አባቴ በጣም ዝቅ ባለ ድምፅ፣ «ሁልጊዜ በዚህ በኩል ነው የምትመለሰው። ዞር ብለሽ እያት።» አልዞርኩም። ይቅርታ እንዲለኝ እየጠበቅሁ ነበር፤ እሱ ደግሞ እንድዞር ይጠብቅ ነበር። ፋጡማ ዞራ ዞራ እስኪደክማት፣ ግማሽ ሰዓት ያህል፣ ሁለታችንም እንደጠበቅን ቀረን።

የካርዱ ጊዜ በሚቀጥለው ሰመር አበቃ፤ አባቴም አላሳደሰውም። ለምን እንደሆነ ጠይቄው አላውቅም። በኋላ እኔም ኮረዳ ሆንኩ፤ ከዚያ ኮሌጅ፣ ከዚያ የራሴ ሺፍት፣ የራሴ ልጅ። አባቴ ከስድስት ዓመት በፊት ሲሞት የቀብሩ ዕለት መስጊዱ ሞልቶ ሰው ውጭ ቆሞ ነበር፤ እያንዳንዱ ፎርሙን ስለሞላለት፣ ስላስተረጎመለት፣ መንገድ ላይ ደርሶ ስላወጣው ሲነግረኝ፣ አመሰግናለሁ ማለት ሲገባኝ በውስጤ እንደ ልጅ እናደድ ነበር። ሁሉም ከእሱ ጋር የሚያስታውሰው የራሱ ሰዓት ነበረው። እኔ ወደ ኋላ ሄጄ ስፈልግ፣ አባቴን ማንም ሳይጠራው፣ ማንም ሳያስነሳው፣ ጎን ለጎን የተቀመጥንበት ያ ግማሽ ሰዓት ብቻ ነው የማገኘው፤ እሱንም ፊቴን አዙሬ ጨረስኩት።